ሦስተኛ ማርሽ

በመጪው ቅዳሜ ወፋ ኦዱሮን እንቀብራለን። ወፋ የእናት ወንድም ነው፤ በእኛ በአሻንቲዎች ዘንድ ልጅ የምትቆጠረው በእናቷ ወገን ስለሆነ ከአባት እኩል፣ አንዳንዴም ከአባት በላይ ነው። በቀብሩ ላይ የእህት ልጆችን የስንብት ቃል እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ስሜን ሲጠሩ አንድም ሰው አልተቃወመም። «አፍሪዬ ታንብብ እንጂ! ንባብ የሷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጮክ ብላ ነው የምታነበው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ሰርዋ በኩማሲ፣ ከባንታማ ገበያ ጀርባ፣ የሐዘን ፖስተርና የቀብር መጽሔት የምታዘጋጅበት ጠባብ ክፍል ነበራት። ግድግዳው በሙታን ፎቶ የተሸፈነ ስለሆነ የቤት ሥራዬን የምሠራው መቶ የማያንሱ ሟቾች እያዩኝ ነበር። አልፈራቸውም። «ዕድሜ ጠግበው ያረፉ» ከሚባሉት ይልቅ «በድንገት የተለዩን» የሚባሉትን እወዳቸው ነበር፤ በድንገት የተለዩት ፎቷቸው ላይ ይስቃሉ።

ኮምፒውተሮቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም አሮጌ ሆነው በቴማ ወደብ የገቡ። ስክሪን ግን አንድ፣ ኪቦርድ አንድ፣ ማውስ አንድ። አብረው የመጡት ሁለት ስክሪኖች አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሯል፣ ሌላው መብራት ሄዶ ሲመለስ ጨሶ ቀርቷል። ስለዚህ እናቴ መዳፍ የምታህል የብረት ሳጥን ገዛች። ከሦስቱም ኮምፒውተር የሚወጣው ገመድ እዚች ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ፊቷ ላይ ክብ ማዞሪያ አለ። ማዞሪያውን ቁጥር አንድ ላይ ሲያደርጉት የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ሁለት ላይ ሲያደርጉት ሁለተኛው፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። አንዱ ኮምፒውተር አንድ የሟች ፎቶ እስኪያሰናዳ አሥር ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ እስከዚያ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ወደ ሌላው አዙሮ መሥራት ነው።

ሳጥኗን «ማርሽ» ብሎ የሰየማት ወፋ ኦዱሮ ነው። እሱ የመኪና ሰው ነበር። ሾፌር ግን አይደለም፤ በየሚኒባሱ ጀርባ ላይ መፈክር የሚጽፍ፣ የፀጉር ቤትና የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ የሚያስውብ ሰዓሊ ነው። ከተማው ውስጥ ቀና ብለው ያነበቡት ነገር ሁሉ ግማሹ የሱ እጅ ነበር። ኮምፒውተር መጥቶ ብሩሹን ሥራ ሲያስፈታበት እናቴ ከጎኗ አስቀመጠችው፤ ፎቶ እየቆረጠ ሟቾቹን ደመና ላይ ያቆምላት ጀመር። እናቴ ጽሑፉን ትጽፋለች። አንደኛ ማርሽ የወፋ የፎቶ ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ የእናቴ የጽሑፍ።

ሦስተኛ ማርሽ አይነካም ነበር። «እሱ ታሟል» ይሉኛል። እኔ ግን እጄን ጀርባው ላይ ሳሳርፍ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ የታመመ ሰው ነው ቢባል እንኳ ትኩሳቱ ሥራ የሠራ ሰው ትኩሳት ነበር።

ክፍሏ አንድ ሕግ ነበራት። ማዞሪያውን የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ «ማርሽ!» ብሎ መጮህ አለበት። ኪቦርዱ ላይ ያለው ሰው እጁን ያነሳና «ወጥቻለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ይዞራል። ሕጉ የወጣው እናቴ አንድ ቀን ሳትናገር ስላዞረች ነው። ወፋ ከፎቶው ላይ ዝንብ የምታህል ነጥብ ላጥፋ ብሎ የነካው ቁልፍ የአንዲት አሮጊት አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን ከነስማቸው ደመሰሰ። ፖስተሩ እንዲያው ታትሞ ወጣ፤ አሥራ አንዱም ሱቁ ድረስ መጥተው መኖራቸውን አስመሰከሩ።

ወፋ ቀልደኛ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ስለ እሱ የሚወራው ትልቁ ቀልድ የፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳ ነው። ሰውየው ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን በወረቀት ሰጠው፤ ወፋም ቀይና ቢጫ ቀለም አቀናብሮ እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «ዘመናዊ ፀጉር ቤት። ንጽሕና መለያችን ነው። ሳሙና ሁለት። ጨው። የተጠበሰ ዓሣ።» የሚስቱን የገበያ ዝርዝር ከሥር ጽፎበት ኖሯል። ሰውየው ሊጣላ ሲመጣ ወፋ ሳቀና «አሻሻልኩልህ! አሁን ማን ይረሳሃል?» አለው። በእርግጥም ማንም አልረሳውም፤ ሰሌዳው እስከ ዛሬ አለ። እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ቀልድ የሠራው ወፋዬ ነው እያልኩ እኮራበት ነበር።

ቀልድ አልነበረም። ወፋ ኦዱሮ ማንበብ አይችልም ነበር። የሰጡትን ሁሉ ቅርጹን አይቶ ይሥለዋል፤ ውብ አድርጎ ይሥለዋል፤ የትኛው የፀጉር ቤቱ፣ የትኛው የዓሣው እንደሆነ ግን አያውቅም። ሁለቱ ወንድምና እህት ልጆች ሳሉ አሳዳጊ አጎታቸው ናና አምፖንሳ ማስተማር የቻሉት አንዱን ብቻ ነበር። ወፋ «እሷ ትማር» ብሎ ብሩሽ ሊያጥብ ሰዓሊ ዘንድ ገባ። ይህን ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከተማውን ሙሉ የጻፈ ሰው ማንበብ አይችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በዚያ ዓመት ናና አምፖንሳ አረፉ። እንደ ደንቡ ሬሳቸው ሆስፒታል ተቀመጠ፤ ቀብሩ ከሁለት ወር በኋላ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የእህት ልጆችን ቃል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያነበው ኦዱሮ ይሁን አሉ። «ታላቁ እሱ ነው፤ ደግሞ ፊደል የእጁ ሥራ ነው» አሉ። ወፋ እምቢ ቢል ያሳደጉትን ሰው አልሸኝም ማለት ነው። እሺ አለ። አንድ ገጽ ነው። አንድ ገጽ ለማንበብ ሁለት ወር ነበረው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው ዶሮዋን ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቶሎ ተለቀቅንና የሱቁን መጋረጃ ስገልጥ ወፋ ብቻውን ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ጎጆዋ ውስጥ የተቀመጠች ቀይ ዶሮ አለች። ወፋ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ዶሮዋ ተንቋቋችና እንቁላል ጣለች። ወፋ እንደ ሕፃን ሳቀ። ወዲያው አየኝና «ማርሽ!» ብሎ ለራሱ ጮኾ ማዞሪያውን አዞረው። ዶሮዋ ጠፍታ የአንድ የሞቱ ቄስ ፊት ጉብ አለ።

«ወፋ፣ ዶሮዋን አሳየኝ» አልኩት።

«የምን ዶሮ?»

«አሁን እንቁላል የጣለችው!»

«እኚህ ቄስ ናቸው እንቁላል የጣሉት?» አለና ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «ሂጂ፣ ኬንኬ ገዝተሽ ነይ፤ ርቦሻል መሰለኝ ዶሮ በዐይንሽ ይዞራል።»

አልሳቅኩም። አዋቂ ሰው ዐይኔ እያየ ሲዋሸኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ የክፍሌ ልጆች አባቶቻቸው ቢሮ ሄደው ጨዋታ ይጫወታሉ፤ እኔ ሦስት ኮምፒውተር ባለበት ክፍል ውስጥ አድጌ አንድም ቀን ተጫውቼ አላውቅም። «የሥራ ዕቃ ነው» ይሉኛል። ለካስ ታሟል የተባለው ሦስተኛው ጨዋታ አለው፤ ወፋ ለብቻው ይጫወትበታል።

ከዚያ ወዲያ ሰላይ ሆንኩ። ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ስንት መስመር ደረስክ?» አለች እናቴ።

«አራት። አምስተኛው ላይ ሁልጊዜ እወድቃለሁ።»

«በል አሁን ዶሮዋን ተዋትና ወደ ገጹ ግባ። አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረህ።»

«ዶሮዋ ትሻለኛለች ሰርዋ። ስሳሳት አትስቅብኝም።»

«በቃልህ ብትይዘው እኮ ይቀልህ ነበር! እኔ አንድ መቶ ጊዜ ላንብብልህ፣ አንተ ወረቀቱን ይዘህ...»

«ወረቀት ይዤ ልዋሽ? በናና ሬሳ ፊት?» ድምፁ ተቆጥቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተቆጣ። «አነባለሁ አልኩሽ፤ አነባለሁ።»

«እሺ፣ ቀስ በል። ሰው ይሰማል።»

«ማንም ማወቅ የለበትም።»

«ማንም አያውቅም። ልጅቷም ብትሆን።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ጨዋታው ደረጃ እንዳለው፣ ወፋ አራተኛው ላይ እንደደረሰ፣ ልጅቷ ግን ማወቅ እንደሌለባት ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። እናቴም አብራ ታውቃለች! ያን ቀን ማታ የቀረበልኝን ፉፉ ሳልነካ ተኛሁ፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ እሱንም ደመርኩበት።

በማግሥቱ ረቡዕ ሽማግሌዎቹ የመጽሔቱን ሽፋን አይተው ሊያጸድቁ መጡ። ሦስት ነበሩ። የቤተሰቡ አለቃ ኦፓኒን ቼሬሜ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነው አክስት ፖኩዋ፣ ከእናቴና ከወፋ ጋር የእህትማማች ልጅ የሆነው ሳርፖንግ። ሳርፖንግ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ ተብለው ረፋዱ ላይ ደረሱ። ወፋ ድምፃቸውን ሲሰማ «ማርሽ» ብሎ ከሦስት ወደ አንድ አዞረ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ አየሁት። አዞረ እንጂ አልዘጋውም።

ውሃ ቀረበላቸው። ጠጡ። እናቴ እንደ ደንቡ «እኛ ቤት ደህና ነን፤ መንገዱ እንዴት ነበር? ምን ጉዳይ አመጣችሁ?» ብላ ጠየቀች። ጉዳያቸውን የመንገድ ውሻ ሳይቀር ያውቀዋል፤ ግን ውሃ ጠጥቶ ጉዳዩን ያልተናገረ እንግዳ የለም። ኦፓኒን ቼሬሜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም ስክሪኑን ከበቡት።

ናና አምፖንሳ በወርቅማ ፍሬም ውስጥ ቆመው ነበር። ወፋ ጥቁር ሸማቸውን አብርቶላቸዋል፣ ካረጀው ፎቶ ላይ ያለውን ቅዳጅ ደፍኖላቸዋል፣ ዐይናቸውን ሕያው አድርጎላቸዋል። ኦፓኒን ቼሬሜ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩ።

«አንተ ሰው» አሉ በመጨረሻ፤ «አስነሣኸው እኮ።»

«የዚህ ልጅ እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አሉ አክስት ፖኩዋ። ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። «አንቺስ? ቀኑን ሙሉ እዚህ ተጎልተሽ እንደ ዶሮ ከመንጫጫት ከወፋሽ አትማሪም?»

እንደ ዶሮ አሉኝ። እንዲህ እስካሉኝ ድረስ ዝም ልል አስቤ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነት ግን አይመስለኝም። ካየሁበት ቀን ጀምሮ ሰው የሚሞላበትን ሰዓት ነበር የምጠብቀው።

«ወፋ ሥራ አይሠራም!» አልኩ። «ጨዋታ ነው የሚጫወተው። እማዬም ታውቃለች። ላሳያችሁ?»

እናቴ የማተሚያውን ቀለም ስትቀይር እጇ ጠቁሮ ነበር። «አፍሪዬ!» ብላ ስትነሣ ቀደምኳት። ጠረጴዛው ሥር ሾልኬ ማዞሪያውን ያዝኩና ሳልጮህ፣ አንድም ቃል ሳልናገር፣ ወደ ሦስት አዞርኩት።

ናና አምፖንሳ ጠፉ። ዶሮዋ መጣች። ተንቋቋችም። ከዶሮዋ በላይና በታች በትላልቁ የተጻፈ ነገር ነበር፤ እኔም ከክፍሌ አንደኛ አንባቢ ነኝና፣ ደግሞም ማስረጃ መሆኑ ነውና፣ ጣቴን እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ፊደል ለጀማሪዎች። የተማሪው ስም፦ ኦዱሮ። ደረጃ፦ ሁለት። ኦዱሮ፣ ይህን ቃል ካነበብክ እንቁላሉን ውሰድ።»

የሚሳቅ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ወፋ የሚሰደብ። አንዱም አልሆነም። ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «ኬጄቲያ! ኬጄቲያ!» እያለ ሲጣራ ብቻ ይሰማል።

«እንዴ!» አለ ሳርፖንግ። «ኦዱሮ ፊደል እየቆጠረ ነው እንዴ?»

ሳርፖንግ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የሟቹን ልጆች ስም በእጁ ጽፎ ያመጣው ነበር። ለወፋ ዘረጋለት። «እስቲ አንብብልን፤ መጽሔቱ ላይ ስም እንዳይዛነፍ።»

ወፋ ወረቀቱን ተቀበለ። አያያዙ የሚያነብ ሰው አያያዝ ነበር፤ ይህንን ዕድሜውን ሙሉ ተክኖበታል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እናቴ አንድ ገጹን የጻፈችለት በትልልቁ፣ በጥርት ባለ የማሽን ፊደል ነበር። የሳርፖንግ የእጅ ጽሑፍ ግን የተጠላለፈ ክር ነው። «አ...» አለ ወፋ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዳይሳሳት ልረዳው ብዬ ከክንዱ ሥር አንገቴን አስግጌ «አቤናአ» ብዬ አነበብኩለት።

ወረቀቱን አጥፎ ለሳርፖንግ መለሰለት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ያቀረብኩበት ክስ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ፣

«አፍሪዬ» አለኝ፤ «ማርሽ አላልሽም።»

ይህን ብቻ ነው የተናገረኝ። እኔም እፎይ ብዬ ተነፈስኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው ማለት ነው፤ ሕጉን መርሳቴ። ሌላው ሁሉ ትክክል ነው። ማርሽ ብል ኖሮ እጁን ሊያነሳ፣ አንድ ነገር ሊዘጋ፣ ቢያንስ ፊቱን ሊያዘጋጅ ጊዜ ያገኝ እንደነበር የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ገመናውን ለመሸፈን የሚበቃው ያችን አንዲት ቃል ማለት የሚፈጀው ጊዜ ነበር።

«ሳርፖንግ» አሉ ኦፓኒን ቼሬሜ፤ «ወረቀትህን ኪስህ ክተት። ውሃ የጠጣንበት ቤት ነው።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ፤ ወደ ወፋ አላዩም። «ሰርዋ፣ ሽፋኑ ያምራል፤ አጽድቀናል። ንባቡን ግን... ንባቡን ሳርፖንግ ያንብበው። ሰዉ ብዙ ነው፤ ሳርፖንግ ለምዶታል።»

አክስት ፖኩዋ ሸማቸውን ያስተካክሉ ነበር። እኔም ጉዳዬ ስላልተወሰነልኝ ጠየቅኩ።

«አሁን ዶሮዋን ልጫወት?»

ወፋ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። እናቴ በጠቆረው እጇ አፏን ይዛ ቀረች፤ ቀለሙ ከንፈሯ ላይ ታተመ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለችውን አርጩሜ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። «የናና ቀብር ይለፍ» አለችኝ። «ሬሳ ሳይቀበር ልጅ አልገርፍም። ሰኞ።» አሥራ ሁለት ቀን አርጩሜዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከማርሿ አጠገብ ተጋድማ ሰነበተች። ወፋ አንድ ቀን እንኳ ሱቅ አልመጣም። አጥፍቶ ያፈረ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ በጥቁርና በቀይ ሸማ ጢም ብሎ ሞላ። ወፋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መጽሔቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ ትከሻው ላይ ተንጠላጥዬ ይታየኛል። ሳርፖንግ ወጥቶ የእህት ልጆችን ቃል አነበበ፤ ጥሩ ድምፅ ነበረው። የወፋ ጣት መስመሩ ላይ ይሄዳል። ከንፈሩም ይሄዳል። ሳርፖንግ ጥቂት አንብቦ ሕዝቡ ላይ ዐይኑን ሲያነሳና ሲመልስ አንድ መስመር ዘለለ። ማንም ልብ አላለም። ወፋ ብቻ ጣቱን ባለበት አቁሞ ቀና አለ። ወደ እናቴ አየ፤ እናቴም አየችው። ከዚያ እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ሰዉ ለናና ያለቀሰች መስሎት ደገፋት። የዘለለው መስመር አምስተኛው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እጄን ዘርግቼ ለመገረፍ ሱቅ ገባሁ። እናቴ ቀድማኝ ገብታ ስክሪኑ ፊት ቆማለች። ማዞሪያው ሦስት ላይ ነው። ዶሮዋ የለችም፤ ነጭ ገጽና ጥቂት ቃላት ብቻ ይታያሉ፤ ልጠጋ ስል «ውጪ» አለችኝ። በረንዳው ላይ ሆኜ ማተሚያው አንድ ጊዜ ሲንጫጫ ሰማሁ። ቆይታ ጠራችኝ። አርጩሜዋን ለሁለት ሰብራ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥላታለች። «ሂጂ ትምህርት ቤት» አለችኝ። ፊቷን አላዞረችም።

አልተገረፍኩም። እኛ ቤት የሚያጠፋ ይገረፋል፤ ያልተገረፈ አላጠፋም ማለት ነው። ስለዚህ ትክክል ነበርኩ። ይህን ይዤ አደግኩ፤ ቢያንስ አሥር ዓመት ይዤው ኖርኩ። ወፋ በዚያው ሳምንት ቴቺማን ሄዶ በብሩሹ መሥራት ቀጠለ። ለምን ሄደ ሲባል «እዚያ ሥራ አለ» ተባለ። ሦስተኛው ኮምፒውተር ጠረጴዛው ሥር ገባና አቧራ ለበሰ፤ አንድ ቀን ከልካይ ሳይኖር አውጥቼ ዶሮዋን ለመጫወት ሞከርኩ። ሦስት እንቁላል ሰብስቤ ሰለቸኝ። የሕፃን ጨዋታ ነበር።

አሁን አክራ ውስጥ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። አሥራ ስድስት ኮምፒውተር በአንድ ስክሪንና በአንድ ኪቦርድ ነው የማስተዳድረው፤ ማዞሪያው ቀርቶ ቁልፍ ሆኗል። ከመጫኔ በፊት «ማርሽ» እላለሁ። ብቻዬን ብሆንም እላለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይስቁብኛል፤ ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ከቤተሰብ ነው እላቸዋለሁ።

ወፋን በየለቅሶው አገኘው ነበር። ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ «ማርሹ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔም እስቅና «ይሠራል ወፋ» እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚች ቀልድ ተሸሽጌ ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ። አንድ ጊዜ ለዚሁ ብዬ ቴቺማን ድረስ ሄጃለሁ። መሰላል ላይ ቆሞ የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ይጽፋል፤ እጁ ላይ የሚቀዳበት ወረቀት አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አንድ ሰዓት ያህል አየሁትና በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ ቅዳሜ እኔ እንደማነብ ሲወሰን፣ እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ያቆየችውን ወረቀት አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። የዚያን ሰኞ ማተሚያው ያወጣው ነው። ቀለሙ ቢጫ ሆኗል። «እሁድ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ወስዶ ሱቁን ከፍቶ ኖሯል» አለችኝ። «ብቻውን፣ ከማንም ሳይቀዳ የጻፈው የመጀመሪያው ነው። ዝም ያልኩሽ እሱ ስለለመነኝ ነው እንጂ አርጩሜዋስ ልትሰበርብሽ ነበር።»

ሦስት መስመር ናት፦

እህቴ፣ ልጅቷን አትምቻት።
ያየችውን ነው ያነበበችው።
ጎበዝ አንባቢ ናት።

ለቅዳሜ ያዘጋጀሁትን አራት ገጽ ቀድጄዋለሁ፤ የማነበው ይህንን ነው። ሰዉ ሁሉ ባለበት፣ ጮክ ብዬ። ስለማመድ ሰንብቻለሁ፤ መስታወት ፊት፣ መኪና ውስጥ፣ ሥራ ቦታ በሩን ዘግቼ። አራት ቀን ቀርቶኛል፤ እስካሁን ከሁለተኛው መስመር አላለፍኩም።